መሮዬን ያያችሁ

አሁን ነው ያኖርኩት፣ ከሞርሳው አጠገብ፣
ሙጫውን ስከድን፣ ፍቅፋቂ ስሰበስብ፤
ዞር ብዬ ስመለስ ሜትሩ የለም፣ በቃ።
ምድር ትውጣለች ወይ የሰው የእጅ ዕቃ?

የኮቺ ዝናብ ነው ቆርቆሮው ላይ ያለው፣
ስጣራም ድምፄን ነጥቆ የሚጥለው።
«ነኢም፣ ሜትሩን!»
ልጄ ብቅ አለና፣ ሳቁን እየዋጠ፣
«አባ፣ ቀበቶህ ላይ» ብሎኝ አመለጠ።

ሜትርስ ይገዛል። ገዝቼም ነበረ፤
ዘንድሮ አራቱን፤ ማን ይሆን የቆጠረ?
ሂርማታ ላይ አባ ዱራ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ገና
መሰላል ይወጣሉ፣ ሳይጠይቁ ጤና፦
«ካቻቪቴ ነው ዛሬ፣ ወይስ ጉጠት?
ብረት የሚበላ አውሬ አለህ እንዴ ከቤት?»

ያማሁትን ልናገር፤ አንደኛ አይጦቹን፣
ቀጥሎ ሻሚልን፣ ጎረቤታችንን።
መጋዜን አስቀረ ብዬ ስዶልት፣
እሱ ለካ ስሎት፣
ዘይት ቀባብቶት፣
በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት መጣ ማታ።
የዚያን ዕለት የጠፋኝ
ፊቴን የማኖርበት ቦታ።

ከዚያ ወዲያ ነው ግድግዳው ላይ ሳንቃ የመታሁት፣
ዕቃውን አንድ በአንድ አስደግፌ ዙሪያውን በከሰል የሣልሁት፤
የስኳድራው ክርን፣ የሊማው ቁመት፣
እያንዳንዱ እንዲያውቅ የገዛ ቤቱን፣ የገዛ በሩን፣ የሚያድርበት።
አንድ ሳምንት ሠራ።
አሁን ግድግዳዬን ላየው ሰው
የሙታን ፎቶ የተደረደረበት ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው፤
ጥቁር የመዶሻ ጥላ፣ ያለ መዶሻ፣
የተከፈተ የጉጠት አፍ፣ የሚለምን ጉርሻ።

አባቴ አምስት ዕቃ ነበረው። አምስት ብቻ።
በጆንያ ቁራጭ ጠቅልሎ ከራስጌው ያሳድራቸው ነበር።
ከአንድ የዋንዛ ግንድ
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲፈለቅቅ
ዓይኑ ከእንጨቱ አይነሣም፤ እጁ ብቻ ሄዶ ይመለሳል።
እኔ ሃምሳ ዕቃ አለኝ፤
ሃምሳ ዕቃ ያለው ሰው ሃምሳ ፍለጋ አለው።

ከአምስቱ አንዷ ለእኔ ደረሰች፤ ትንሿ መሮ፣
እጀታዋ ወይራ፣
የአባቴ አውራ ጣት ሲመላለስባት የጎደጎደች፣
የእኔ ጣት ሲገባባት የሚሰፋት በጥቂት።
እሷ ናት የጠፋችው። ሦስተኛ ክረምቷ።

የዶሮውን ቤት ፈተሽኩ። የሻሚልን ባጃጅ፣ ወንበሩን ገልብጬ።
የዱቄቱን በርሜል እስከ ክርኔ ገብቼ።
አዌቱ ሞልቶ ግቢ የገባ ጊዜ
እሱ ነው የወሰዳት ብዬ
ወንዝ ድረስ ወርጄ፣ ሰው እንዳያየኝ ዣንጥላ ደፍቼ፣
ጭቃ በእግሬ ዳሰስኩ።

ዛሬ እርሳሴ ወደቀ፤ ጎንበስ አልኩ ላነሣ።
የሥራ ጠረጴዛዬ አራት እግር አለው፣ እንደ እንስሳ፤
አንዱ ግን አጭር ነው። የሠራሁት በርጩማ
በሦስት እግሩ ጭቃ ላይ ቀጥ ሲል፣
እሱ በአራቱ ሲሚንቶ ላይ ይንገዳገዳል።
ከአጭሩ እግር ሥር፣ አቧራ ለብሳ፣ ጠፍጣፋ ተኝታ፣ ዝም ብላ ደኅና፣
ትንሿ መሮዬ፤ ሽብልቅ ሆና።

እኔው ነኝ ያስገባኋት። አንድ ቀን ቸኩዬ፣
«ለጊዜው ነው» ብዬ።
ሦስት ክረምት ሙሉ
«የት ገባች!» እያልኩ በቡጢ የመታሁት ጠረጴዛ
የቆመው በእሷ ነበረ።

በሆዴ እንደተኛሁ ዚያዳ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች።
አየችኝ። መሮዋንም አየች።
«እሷን ነው እንዴ ስትፈልግ የኖርከው?
ስጠርግ ሁልጊዜ አያታለሁ እኮ፤
ቦታዋ መስሎኝ ነው።»

ዝናቡ አባርቷል። አላወጣኋትም።
ዙሪያዋን ልሥል አሰብኩ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ፣
አንድ ዕቃ እንኳ ቤቱን እንዲያገኝ።
እጄን ዘረጋሁ፤
ዳበስኩ፤
«እርሳሱንስ አላየሽም?» አልኳት።